ዘጋቢው ሲቀነስ የሚቀረው ዜና፦ ስለ ዴንቨር ፖስትና ስለ ባለቤቶቹ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። እዚህ ስመጣ ዴንቨር ፖስት ወፍራም ጋዜጣ ነበር። አሁን ሳስቶ ሳስቶ ሊያልቅ ነው። ባለቤቱ ኒውዮርክ ያለ የገንዘብ ድርጅት ነው ይላሉ። ግን ባለቤቱ ‹ይህን ጻፉ፣ ያንን አትጻፉ› ካላለ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አገር ቤት መንግሥት ሚዲያ ሲቆጣጠር አይተናል። ገንዘብ እንዴት እንደሚቆጣጠር ግን አልገባኝም። ልጄ ደግሞ ደንበኛ እንሁን ትላለች። ብከፍል የማንን ኪስ ነው የምሞላው?»

ምላሽ፦

ብዙ ሰው የሚዲያ ባለቤትነት ሲባል የሚታየው አንድ ሀብታም ሰው ዋና አዘጋጁ ጋ ደውሎ «ይህቺን ዜና አውጣት» ሲል ነው። እንዲህ ዓይነቱም አለ፤ በኋላ እመጣበታለሁ። ዴንቨር ፖስት ላይ የደረሰው ግን ከዚህ ይለያል። የዘጋቢውን ደመወዝ በእጁ የያዘ ሰው ዜናን አንድ በአንድ መከልከል አያስፈልገውም። ዘጋቢው ከሌለ ዜናው ከነጭራሹ አይጻፍም። እኔ የሚዲያ ኢኮኖሚ ላይ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለተማሪዎች ለማስረዳት ከሁሉም የሚከብደኝም ይኸው ነው። የተከለከለ ዜና ይታወቃል፣ ሰው ይጮህበታል። ያልተዘገበን ዜና ግን ማን ያውቀዋል?

(ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

የአሜሪካ የከተማ ጋዜጣ አንባቢ በሚከፍለው ሳንቲም ብቻ ኖሮ አያውቅም። ያኖረው ማስታወቂያ ነው። መኪና ሻጩ፣ ቤት አከራዩ፣ ሠራተኛ ፈላጊው፣ ትልልቁ ሱቅ፣ ሁሉም ወደ ከተማው ሰው የሚደርስበት ሌላ ጥሩ መንገድ ስላልነበረው ጋዜጣው የጠየቀውን ይከፍል ነበር። አንባቢው ዜና ይገዛል። ጋዜጣው ደግሞ የአንባቢውን ዓይን ለነጋዴው ይሸጣል። ትልቁ ገንዘብ ያለው በዚህ በሁለተኛው ሽያጭ ላይ ነው።

ይህ መጥፎ ብቻ ነው አልልም። በ1833 ኒውዮርክ ሰን የተባለው ጋዜጣ በአንድ ሳንቲም መሸጥ ሲጀምር፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ጋዜጦች በፓርቲ ድጎማ ወይም በጥቂት ነጋዴዎች ክፍያ የሚኖሩ ነበሩ። ብዙ ማስታወቂያ አስነጋሪ ያለው ጋዜጣ ግን አንዱ ቢቀየመው ሌላው አለለት። ዋሽንግተን ፖስት ፕሬዝዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደውን የዋተርጌት ቅሌት ሲከታተል ደመወዙን የከፈለው በአብዛኛው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ያውም ቀላል ጊዜ አልነበረም። ኩባንያው በ1971 አክሲዮኑን ለገበያ ያቀረበ ገና ጀማሪ ነበር፤ በ1973 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፍሎሪዳ ያሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ፈቃዳቸው እንዳይታደስ ተቃውሞ ቀረበባቸው። የግራሃም ቤተሰብ ግን የበላይ ድምፅ ያለውን አክሲዮን በእጁ ይዞ ስለነበር ማንም ባለ አክሲዮን አስገድዶ ሊያስቆመው አልቻለም። ስለዚህ «ካፒታሊዝም» ስንል ሁሉም ባለቤት አንድ ዓይነት እንዳይመስለን። ገንዘቡ በምን መልክ እንደገባ ነው ነገሩን የሚለየው።

ዴንቨር ላይ በምን መልክ ገባ? በብድር።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ናይት ሪደር የሚባል ኩባንያ ነበር። 32 ዕለታዊ ጋዜጦች ነበሩት። ትርፉ ከገቢው ወደ 20 በመቶ ይጠጋ ነበር። ሱፐርማርኬት ከገቢው 2 ወይም 3 በመቶ ካተረፈ ደህና ሥራ ነው ይባላል። ያም ሆኖ በ2005 መጨረሻ ላይ ትልቁ ባለ አክሲዮን የአክሲዮኑ ዋጋ አላደገም ብሎ ኩባንያው ይሸጥ አለ። አተረፈ አላተረፈ አይደለም ጥያቄው። ትርፉ ከአምናው በለጠ ወይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማክላቺ የተባለ ከእሱ ያነሰ ኩባንያ በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ አብዛኛውን በብድር። ዕዳውን ለማቅለል ከገዛቸው ጋዜጦች 12ቱን መልሶ ሸጠ። ከነዚህ ውስጥ አራቱን በ1 ቢሊዮን ዶላር የወሰደው ማን ይመስልዎታል? የዴንቨር ፖስት ባለቤት የሆነው ሚዲያኒውስ ግሩፕ ነው። ኸርስት የተባለው ኩባንያ በገንዘብ አግዞታል። ሚዲያኒውስ ራሱም ቀድሞውኑ በብድር ያደገ ድርጅት ነበር።

ሁሉም የተበደሩት ማስታወቂያው እንዳለ ይቀጥላል ብለው ነው። አልቀጠለም። የቤት ኪራይና የመኪና ሽያጩ ማስታወቂያ ክሬግስሊስት በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ሆነ። ቀጥሎ ጉግልና ፌስቡክ መጡ። የአሜሪካ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ በ2005 ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወረደ። ወለዱ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ከየት ይከፈል? ወረቀቱ ዋጋው አይቀንስ። ማተሚያ ማሽኑ ያው ነው። የሚቀነሰው ሰው ነው።

ዴንቨር ሁለት ዕለታዊ ጋዜጦች ነበሯት። ሮኪ ማውንቴን ኒውስ በየካቲት 27 ቀን 2009 የመጨረሻ እትሙን አወጣ። 150ኛ ዓመቱን ሊያከብር ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ፖስት ብቻውን ቀረ። «ተፎካካሪ ጠፋ፣ ገበያው የሱ ሆነ» ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን በጥር 2010 የፖስት ባለቤት የሆነው ኩባንያ ራሱ 930 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ይዞ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። አበዳሪዎቹ ዕዳቸውን ወደ አክሲዮን ለውጠው ባለቤት ሆኑ። ጋዜጣ አዘጋጅ ልሁን ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። ያበደረው ገንዘብ እንዲመለስለት የፈለገ ባንክ ነው የጋዜጣ ባለቤት የሆነው። አልደን ግሎባል ካፒታል የተባለው የኒውዮርክ ሄጅ ፈንድ (የሀብታሞችን ገንዘብ ሰብስቦ ለትርፍ የሚያሽከረክር ድርጅት) የገባው በዚህ በር ነው። ሌላው ሰው ሸሽቶ በሚሸጥበት ጊዜ በርካሽ ገዛ።

የአልደን አሠራር ላሟን እያለቡ ሳር መከልከል ነው። አንባቢው ከለመደው ጋዜጣ በአንድ ቀን አይለይም። አዛውንቱ ደንበኛ ገጹ ቢቀንስም፣ ዋጋው ቢጨምርም ለተወሰነ ዓመት መክፈሉን ይቀጥላል። በእነዚያ ዓመታት ወጪው ከገቢው ቀድሞ እንዲቀንስ ከተደረገ ትርፍ አለ። በ2017 የሒሳብ ዓመት የአልደን ጋዜጦች ወደ 160 ሚሊዮን ዶላር ማትረፋቸው ተዘግቧል፤ ከገቢው 17 በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ «ጋዜጣ ስለማያዋጣ ነው» የሚለው መልስ ለዴንቨር አይሠራም። ያዋጣ ነበር። ጥያቄው ትርፉ የት ገባ ነው።

ጥቂቱ የት እንደገባ ይታወቃል። በ2018 አንድ አናሳ ባለ አክሲዮን ደላዌር ፍርድ ቤት አልደንን ከሰሰ። በክሱ ላይ ከወጡት ነገሮች አንዱ ከጋዜጦቹ ኩባንያ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ ፍሬድስ የሚባል የመድኃኒት ቤት ሰንሰለት አክሲዮን መገዛቱ ነው። ፍሬድስ በ2019 ከሰረ። እስቲ ያስቡት። ዴንቨር ውስጥ የምክር ቤት ስብሰባ ሊዘግብ የሚችል ሰው ደመወዝ፣ ሊዘጋ የተቃረበ ፋርማሲ አክሲዮን ሆነ። ሕንፃዎቹም እንደዚሁ ናቸው። የአልደን እህት ኩባንያ የጋዜጣ ሕንፃዎችን እየገዛ የሚሸጥ ሥራ ነበረው። የፖስት ጋዜጠኞችም ከመሃል ከተማው ቢሮ ወጥተው ከከተማ ውጭ ባለው ማተሚያ ቤት ውስጥ እንዲሠሩ ተደረገ። ከፍርድ ቤቱ፣ ከማዘጋጃ ቤቱና ከግዛቱ ምክር ቤት ርቀው ማለት ነው።

በ2018 ጸደይ የዜና ክፍሉ ከ100 ሰው በታች ደርሶ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ከ200 በላይ ነበር። ከቀሩት ላይ 30 ሰው ይቀነስ የሚል ትእዛዝ መጣ። በሚያዝያ ወር ጋዜጣው በገዛ ባለቤቱ ላይ ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ። ባለቤቶቹን ጥንብ አንሣ አላቸው። ጥሩ ጋዜጠኝነት መሥራት ካልፈለጋችሁ ለሚፈልግ ሽጡት አላቸው። የአስተያየት ገጹ አዘጋጅ ቸክ ፕላንኬት በሚቀጥለው ወር ሌላ ተመሳሳይ ጽሑፍ እንዳይወጣ ሲከለከል ሥራውን ለቀቀ። ያየነው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ለዓመታት ባለቤቱ በዜናው ውስጥ አልገባም፤ ገንዘቡን ብቻ ነበር የሚወስደው። ስለ ገንዘቡ መጻፍ ሲጀመር ግን ገባ።

«ሰው ተቀነሰ፣ እሺ፤ እኔ አውሮራ ያለሁት ሰው ምን ጎደለብኝ?» ካሉ፣ የሚጎድለው መጀመሪያ ሰው የማያነበው የሚመስለው ነገር ነው። ትልቁ ግድያ ይዘገባል፤ የከተማዋ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ብሮንኮስ ይዘገባሉ። የሚጠፋው ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ 80 ገጽ በጀት የሚያነብ ሰው ነው። የትምህርት ቤት ቦርድ ኮንትራቱን ለማን እንደሰጠ የሚጠይቅ ሰው ነው። የዚህን ሰው ደመወዝ ድረ ገጽ ላይ በሚገኝ የአንባቢ ጠቅታ ብዛት ማስመለስ አይቻልም። ኪሳራው ግን ኪስዎን ይነካል። ጋዜጣ በተዘጋባቸው አካባቢዎች የአካባቢ መንግሥት ሲበደር የሚከፍለው ወለድ ከፍ እንደሚል የፋይናንስ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። አበዳሪው ባለሥልጣኖቹን የሚከታተል የለም ብሎ ይፈራል። ልዩነቱን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው።

አልደን ዴንቨር ላይ አልቆመም። በ2021 ቺካጎ ትሪቢዩንን የያዘውን ኩባንያ በ633 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ሌሎችም በየራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። በ2019 ጌትሀውስ የተባለው የጋዜጣ ኩባንያ ጋኔት የተባለውን ሌላ የጋዜጣ ኩባንያ ሲገዛ አፖሎ ከሚባል የገንዘብ ድርጅት ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር በ11.5 በመቶ ወለድ ነው የተበደረው። በዚያ ሒሳብ ወለዱ ብቻ በዓመት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ስንት ዘጋቢ ይቀጥራል? ሬዲዮውም ያው ነው። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የጣቢያ ቁጥር ገደብ አነሳ። ክሊር ቻነል የተባለው የሬዲዮ ኩባንያ ከ40 ገደማ ጣቢያ ተነስቶ ከ1,200 በላይ ደረሰ። በኋላ በብድር ተገዝቶ ስሙን ወደ አይኸርትሚዲያ ለወጠ፤ በ2018 ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ይዞ ከሰረ።

ቅድም ወዳቆየሁት ልመለስ፤ የሚደውለው ባለቤት። ዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ካለዎት ቻናል 7ን ያውቁታል። ባለቤቱ ሲንክሌር የተባለ፣ በብዙ ከተሞች የቴሌቪዥን ጣቢያ ያለው ኩባንያ ነው። በ2018 ሲንክሌር በየከተማው ላሉት ዜና አንባቢዎቹ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ልኮ አስነበባቸው። አንድ ሰው ቪዲዮዎቹን ጎን ለጎን ሲያደርጋቸው በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ቃል በቃል አንድ ነገር ይላሉ። ተመልካቹ የሚያምነው ለዓመታት የሚያውቀውን የሰፈሩን አንባቢ ነው። የተሸጠውም ይህ እምነት ነው። ዋሽንግተን ፖስትን በ2013 በ250 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ጄፍ ቤዞስ ደግሞ በጥቅምት 2024 ጋዜጣው የፕሬዝዳንት ዕጩ እንዳይደግፍ ወሰነ። እሱ ውሳኔው የመርህ ነው ብሏል። አንባቢው ግን ሰውየው አማዞንና ብሉ ኦሪጅን የተባለ የሮኬት ኩባንያ እንዳለው፣ ሁለቱም ከመንግሥት ጋር ትልልቅ ውል እንዳላቸው ያውቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200,000 በላይ ደንበኞች ለቀቁ። የቤዞስን ልብ ማንበብ አልችልም፤ አያስፈልገኝምም። ሌላ ቦታ ትልቅ ጥቅም ያለው ባለቤት እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ይዞ መምጣቱ ራሱ ለጋዜጣው ዕዳ ነው።

አገር ቤት አይተናል ያሉት ልክ ነው። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ፍትሕ ጋዜጣ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጤንነት የያዘው እትሙ እንዳይሰራጭ ሲደረግ ሁሉም ሰው ማን እንዳገደው ያውቃል። ማተሚያ ቤቱ ብርሃንና ሰላም ነው፤ ብርሃንና ሰላም የመንግሥት ነው። ግልጽ ነው። ግን የገንዘቡም ቁጥጥር አገር ቤት አለ፤ ስም ስላልሰጠነው ነው።

ኤፍኤም ሬዲዮዎቻችንን ይውሰዱ። ብዙው ፕሮግራም የሚሠራው በተባባሪ አዘጋጅ ነው። አዘጋጁ የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛል፤ ስፖንሰር ራሱ ፈልጎ ያመጣል፤ ከዚያ የተረፈችው ደመወዙ ናት። ጋዜጠኛውም፣ ማስታወቂያ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ስፖንሰሩ ስለሆነው ሪል ስቴት ቤት ገዢዎች ሲያለቅሱ ቢሰማ ምን ያደርጋል? ሪል ስቴቱ አይደውልለትም። አያስፈልገውም። ስፖንሰር ለማግኘት ስንት ቢሮ እንደተመላለሰ ራሱ ያውቃል።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያወጣ ይህ ጥገኝነት ገሃድ ወጣ። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ልጆች በሚያዩት ሰዓት ቢራ መለፈፍ አልነበረበትም። ነገር ግን የስፖርቱና የመዝናኛው ፕሮግራም ምን ያህል በቢራ ፋብሪካዎች ጫንቃ ላይ እንደቆመ ያየነው ያኔ ነው። በግል ጋዜጦችም በኩል ገጾቹን ቢያገላብጡ የባንክ ሐራጅ፣ የጨረታ ጥሪ፣ የባንክ ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ያገኛሉ። እነዚህ ባይኖሩ ጋዜጣው አይታተምም። ጋዜጠኞቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙዎቹ በሚያስገርም ድፍረት ይሠራሉ። የምለው ስለ ባንክ የሚጻፍ ምርመራ ለምን ብርቅ እንደሆነ ሲጠይቁ ይህንንም ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት ነው።

በውጭ ያለነው ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው የአማርኛ ቻናሎችም ከዚህ አልወጡም። ባለቤቱ «የራሴ ቻናል» ይላል። ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶ ለእሱ ነው፤ የቀረው የዩቲዩብ ነው። አሜሪካ የተቀመጠ ተመልካች የሚያመጣው ገንዘብ አዲስ አበባ ካለው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ቻናሉ ለማን እንደሚያወራ መገመት ቀላል ነው፤ እዚህ ላለነው፣ የሚያስደነግጠንን። ቀይ ፊደል ያለበት «ሰበር» የሚለው ምስል የአዘጋጁ ክፋት ብቻ አይመስለኝም። ሒሳቡ ነው የሚያስጽፈው።

አሁን ወደ ልጅዎ ጥያቄ። በፖስት ደንበኛ ከሆኑ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ባለቤቱ ይገባል፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። እዚያ የቀሩት ጋዜጠኞች ግን እውነተኛ ሥራ ይሠራሉ፣ ደንበኛ በጠፋ ቁጥር ቀድሞ የሚባረረው ደግሞ ከነሱ ነው። ጋዜጣውን በእርግጥ የሚያነቡት ከሆነ ይክፈሉ። ካላነበቡት በሀዘኔታ ብቻ አይክፈሉ፤ አልደንን አይለውጠውም።

ሁለተኛ ክፍያ ካለዎት ግን ወደ ኮሎራዶ ሰን ይላኩት። በ2018 ከፖስት የወጡ ጋዜጠኞች የመሠረቱት ነው። በ2023 ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሆኗል። ይህ ማለት የሚተርፈው ገንዘብ ለባለ አክሲዮን ሊከፋፈል አይችልም፣ ሄጅ ፈንድም ሊገዛው አይችልም። ይህ መንገድ ሌላ ቦታም ውጤት አሳይቷል። ባልቲሞር ላይ የከተማዋን ጋዜጣ ሊገዛ ሞክሮ አልደንን ማሸነፍ ያልቻለ አንድ ነጋዴ ባልቲሞር ባነር የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የዜና ድርጅት በ2022 አቋቋመ። በ2025 ከኒውዮርክ ታይምስ ጋር በሠራው ዘገባ ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኘ። እዚያም ቢሆን ትልልቅ ለጋሾች አሉ፤ ለጋሽም ስሜት አለው። ስለዚህ ለማንም ከመክፈልዎ በፊት የለጋሾቹን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ይፈልጉ። በግልጽ ካልተጻፈ ኢሜይል አድርገው ይጠይቁ። ዴንቨር ያለውን የአማርኛ ሬዲዮ ወይም ቻናል አዘጋጅም ይህንኑ ይጠይቁት፤ የዚህ ወር ስፖንሰር ማን ነው፣ ስለ ስፖንሰሩ ቅሬታ ቢመጣ ያነበዋል ወይ። ደንግጦ ቢመልስልዎትም አይቀየሙት። ብቻውን በሚሠራበት ቤት ውስጥ ይህን የሚጠይቀው ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ሊሆኑ ይችላሉ።